የወቅት ዓይኖች ያላዩዋት አበባ

«የአርሶና ሕዝብ ሆይ፣ ስማ! በንጉሣችን በዮስማር ትእዛዝ ይነገራል፤ ዝናብ እየዘነበ ነው!»

አዋጅ ነጋሪው ይህን ብሎ ጢሙን ጨመቀ። አደባባዩ በእፎይታ ተነፈሰ። አርባ ቀን ሙሉ ሕዝቡ በትእዛዝ በጋ ነው ብሎ ኖሯል፤ ገብሱን ሊያደርቅ ደጅ አስጥቷል፤ ውሃው ከቅንድቡ እየተንጠባጠበ «የዘንድሮ ፀሐይ በረታች!» ተባብሏል። አሁን ገብሱ በስብሶ፣ ጎተራው ባዶ ሆኗል።

በአርሶና ክረምት የሚያበቃው በቆልባ ተራራ ጫፍ የምትፈካውን ብቸኛ አበባ የሰው ዓይን ሲያያት ነው። ለዚህም በየዓመቱ አንድ «የወቅት ዓይን» ይሾማል፤ ወጥቶ ያያል፣ ወርዶ ይመሰክራል። የዘንድሮዋ ዓይን ወጣቷ ናሆራ ነበረች። «ሰባት ቅጠል አላት፤ እንደ እሳት ትቀላለች!» ብላ አደባባዩን አስለቅሳለች፤ ንጉሡም በቃሏ በጋን አውጇል።

አላየቻትም። በተራራው ወገብ ካለችው ጎጆ እሳት ስትሞቅ ሰንብታ፣ የቀድሞዎቹ ዓይኖች የተናገሩትን ደግማ ነው የወረደችው።

ንጉሡ «በጋችንን የሰረቀው የጭጋጉ አውሬ ጉሙራ ነው!» ሲል፣ ናሆራ ተንበረከከች። «አበባዋን ዳግም ሳላይ ብመለስ መሬት አትሸከመኝ!» ብላ ማለች። ሕዝቡ እልል አለ። እያንዳንዱ እልልታ እንደ ጥፊ አረፈባት።

አብሯት የወጣው ድርማስ ነው፤ አርባ ዓመት የወቅት ዓይኖቹን እስከ ጎጆዋ ያደረሰ ሽማግሌ በቅሎ ነጂ። ጎጆዋን እንዳለፉ ናሆራ ቆመች።

«አባባ ድርማስ፣ አላየኋትም።»

«አውቃለሁ። እንጨት የማቀብልሽ እኔ አልነበርኩ? አንቺስ ደህና ነሽ፤ ብላታ ኬርዳስ ዓይን በሆነበት ዓመት ፍራሽ አስጭኖ ነው የመጣው።»

«ታዲያ ወቅቱ እንዴት ይለወጥ ነበር?»

ሽማግሌው ጉልበቱን አሻሸ። «እናንተ ስትተኙ እኔ ወጣ ብዬ አያት ነበር። ዘንድሮ ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»

«ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ከፊታቸው ጭጋጉ እንደ ከብት መንጋ ተኝቶ ይተነፍሳል። ድርማስ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «ጉሙራ ዓይን የለውም። ድምፅ ተከትሎ የሰውን ሙቀት ይመጥጣል። እኔ ደግሞ ሳላቃስት አንድ እርምጃ አልራመድም። አንቺ ዝም ብለሽ ውጪ፤ እኔ አጫውተዋለሁ።»

እጁን ያዘችው። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ና አንተ ጎታታ!» ብሎ ጮኸ። «ብላታውን ወንዝ ውስጥ ስለ ጣለችው በቅሎዬ ላውራህ!»

ጭጋጉ ዞረ። ናሆራ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች። ከኋላዋ፣ በድርማስ ወሬ ውስጥ፣ በቅሎዋ ወንዙ ዳር ደረሰች፣ አሸተተች፣ ጆሮዋን ጣለች፤ ከዚያ ወሬው መሃል ላይ ተቆረጠ። ስሙን ብትጠራ ሞቱ ከንቱ ይቀራል። ነጠላዋን ነክሳ ወጣች።

ጎህ ሲቀድ አገኘቻት። ከአለት ስንጥቅ ውስጥ፣ ጥፍር የምታህል ነጭ እምቡጥ። ናሆራ በሆዷ ተኛች። እምቡጧ ተንቀጠቀጠች፤ አንዷ ቅጠል እንቅልፍ እንዳልጠገበ ሰው ቀስ ብላ ተፈታች፤ ሁለተኛዋ፤ ሦስተኛዋ። ላይዋ ያረፈችው የዝናብ ጠብታ ተንሸራታ ስትወድቅ፣ ከዚያች ጠብታ በኋላ ሌላ አልወረደም። ደመናው ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ሸለቆው ከነወንዞቹ አበራ። «ድርማስ ለዚህ ነው የሚመላለሰው» አለች በለሆሳስ፤ አለቀሰችም። ረፋድ ላይ አበባዋ በራሷ ስትረግፍ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረቻት።

በአደባባዩ ፀሐይ ሰዉን ሁሉ አስነጥሳዋለች። ናሆራ አፏን ሳትከፍት፣ ከቀድሞዎቹ ዓይኖች በሕይወት ያሉት ሰባቱ ከነካባቸው ተነሡ። ብላታ ኬርዳስ እጁን ዘረጋ፦

«እኛም እንዳየናት አየቻት! ሰባት ቅጠል! እንደ እሳት የቀላች!»

ናሆራ ቋጠሮዋን ፈታች። አበባዋ ብላታው እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ወደቀች።

«ይቺን ጉድፍ አንሡልኝ» አለ ብላታው።

«አበባዋ ናት» አለች ናሆራ። «ያየኋት ዛሬ ነው። ድርማስ ግን አርባ ዓመት አይቷታል።»

ከሰባቱ አንዷ፣ እማሆይ ስርጉት፣ ከዘራዋን ተደግፋ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን አጥብባ ብዙ አየች።

«ነጭ ናት እንዴ?» አለች።