የፕራሞት ፀጉር ምስክርነት

የፕራሞት ሬሳ ሊቃጠል የቡድሃ መነኮሳት ጸሎት እንደጀመሩ ፖሊስ ደርሶ ሥርዓቱን አስቆመ። ጥቆማውን የሰጠው የሟቹ ሚስት የቡሳባ ታናሽ ወንድም ቴራዩት ነበር፤ «እህቴ ሾርባው ውስጥ መርዝ ትጨምርበት ነበር» ብሎ። ለቡሳባ ግን ቴራዩት እናታቸው ከሞተች በኋላ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ነው፤ እጇ አመድ አፋሽ ሆነ።

መርማሪዋ ኮሎኔል ራቺኒ በወሬ የምትቸኩል ሴት አይደለችም። ከሟቹ ራስ ጥቂት ፀጉር ከነሥሩ አስነቅላ ኮራት ከተማ ወዳለው የራጅ ቤተ ሙከራ ላከችና ወደ ለቅሶው ቤት ገባች።

«ለፕራሞት የሚበላ የሚጠጣ የሚሰጠው ማን ነበር?»

«ምግቡን እኔ» አለች ቡሳባ። «የጨጓራ ክኒኑን ጎረቤታችን አጎት ቻት እየቀመመ በየጠዋቱ ያመጣለት ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ከወንድሜ ጋር አረቄ ይጠጡ ነበር።»

ቴራዩት ጥግ ተቀምጦ የእህቱን ሾርባ ፉት እያለ ነበር። ሲያልቅበት አስጨመረ። ራቺኒ አየችው።

ውጤቱ ሲመጣ ራቺኒ ቡሳባን፣ ቴራዩትንና አጎት ቻትን ሰበሰበቻቸው።

«ፀጉር የሚያድገው በደም ውስጥ ያለፈውን ይዞ ነው። ጫፉ የቆየውን ይናገራል፣ ሥሩ የሰሞኑን። ቀጭኑ የራጅ ጨረር ሲያነበው ጫፉም ሥሩም አርሰኒክ የሚባለው መርዝ አለበት። መሐሉ ግን ንጹሕ ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለ ቴራዩት።

«መሐሉ በዝናቡ ወራት የሚያዘው የቡድሃ ጾም ነዋ! ያኔ ፕራሞት የሚስቱን ሾርባ አልተወም። ክኒኑንም አልተወም። ለጾሙ ብሎ የተወው አንድ ነገር ብቻ ነው።»

አጎት ቻት እጁን አፉ ላይ ጫነ። «አረቄውን!»

«እኔም ከዚያው ገንቦ ጠጥቻለሁ እኮ!» አለ ቴራዩት።

«ገንቦው ንጹሕ ነው፤ መርምረነዋል። ጽዋውን ትቀዳለት የነበርከው ግን አንተ ነህ። ደግሞ መርዝ አለበት ያልከውን የእህትህን ሾርባ ሳትፈራ አስጨምረህ የጠጣኸው ለምንድን ነው?»

ቴራዩት ተነስቶ ጮኸ። «የአባታችንን የሩዝ ወፍጮ ለባዳ፣ ለፕራሞት ሰጣችሁ! ልጁ እኔ ሆኜ ሳለ!»

ቡሳባ ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እሱን ጠላኸው፣ እሺ። እኔን ለምን ከሰስከኝ?»

ቴራዩት አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ ሰው መጠርጠር ሲጀምር ፈራሁ፤ አንቺ ለእኔ ስትይ ሁሉን ትችያለሽ ብዬ ነው» አለ።