የአራት መቶ ዓመቱ እድርተኛ

«ዛሬም ባይሞት ይሻላል» አለች ማርቲ፣ የትምህርት ቤቱን የሚኒ ሚዲያ ክፍል በር በጀርባዋ ደግፋ። «ዘጠነኛ ቢዎች ውጭ ቆመዋል። ሽማግሌውን ብትገድይው እኛን ነው የሚቀብሩን!»

ባርኮት ማታ የጻፈችውን ወረቀት ዘረጋች። በየእረፍቱ በድምፅ ማጉያ የምታነበው ልቦለድ ጀግና፣ ሞት የማያውቅ ሽማግሌ ነው። መብረቅ መትቶት ተነስቷል፤ መርዝ ጠጥቶ አግስቷል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዘንዶ ውጦት፣ ዘንዶው ሆዱን ታሞ ተፋው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ሽማግሌው ከመናገሩ በፊት «እህህ» ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ጫማውን የሚቦርሸው ቅዳሜ ማታ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ከአያቷ ከአባባ ተክለብርሃን የተወሰደ መሆኑን ማርቲ እንኳ አታውቅም። አባባ አምና አርፈዋል። ሐኪም ያልቻለውን ባርኮት በእስክሪብቶ እየሞከረች ነው።

ነገሩን ያበላሸችው ሐያት ናት፤ ሰርቪስ ቤታቸውን የተከራየችው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ትራስ የሚያክል ምናባዊ ልቦለድ አዋሰቻት። በመጽሐፉ ውስጥ አንዲት የማትሞት ሴት የልጅ ልጇን ልጅ ስትቀብር፣ እንባዋን እየጠረገች «ይሄ የማን ቀብር ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ባርኮት እዚያ ገጽ ላይ ስትደርስ መጽሐፉን ዘግታ አቀፈችው። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ምን በልቶ ያደገ ነው? አንድም ዘንዶ ሳይጠራ፣ አለመሞትን ራሱን አስፈሪ አደረገው!

«ማርቲ፣ አራት መቶ ዓመት ብትኖሪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እድር እከፍላለኋ! የሰው ድንኳን ስተክል፣ የሰው ለቅሶ ስደርስ... እኔ ግን አልሞት! ተበላሁ በይኛ!»

ባርኮት ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ቆመ። በአባባ ቀብር ቀን ባጃጁ ከበራቸው እስከ አስፋልቱ ተሰልፎ ነበር። ከከተማ ውጭ ካለችው ከጪጩ ሳይቀር ሰው መጥቷል። አባባ ያልደረሱት ለቅሶ አልነበረማ! የእሷ ሽማግሌ ግን አብሮ አደጎቹን ሁሉ ቀብሮ ጨርሷል። ማን ይመጣለታል?

በበሩ ቀዳዳ አየች። ዘጠነኛ ቢዎች አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ዛሬ ቢያርፍ፣ የሚያለቅስለት አለ።

ሽማግሌው ዛሬም የሚተርፍበትን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«እንዴ! በቃልሽ ልትተርኪ ነው?»

«ክፈቺው ባክሽ።»

ማርቲ ማይኩን ከፈተችው። ባርኮት ሳታስበው «እህህ» ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ውጭ ግቢው ጸጥ አለ።

«በዚያን ቀን» አለች፣ «ሽማግሌው ጫማውን ቦረሸ። ቅዳሜ ግን አልነበረም።»