የሰዓድ ሻንሲ

ሙሚና ሸራ ልትለካ ሄዳ የአልጋዋን ብረት አገኘች።

ዋና ሳጅን ኛጋይ ብየዳ ቤቱ ግቢ ስትደርስ ሴትዮዋ መሬት ላይ ቁጭ ብላለች። የልብስ ሰፊ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊቷ፣ በድንጋዮች ላይ ከፍ ተደርጎ፣ አንድ አሮጌ የፒክአፕ ሻንሲ ተቀምጧል። ሞተር የለው፣ በር የለው፣ ጎማ የለው። ታጥቦ የቀረ የመኪና አጥንት ነው።

“ምን ሆነሻል?” አለች ኛጋይ።

“የባሌ መኪና ነው” አለች ሙሚና። “ይሄ ደግሞ አልጋዬ።”

የጋምቤላ ሙቀት ሰው ያስቀባዥራል። ኛጋይ መጀመሪያ የጠረጠረችው ፀሐይዋን ነው። ጎንበስ ብላ ስታይ ግን ፀሐይዋን በነጻ አሰናበተቻት። በሻንሲው ሁለት ጎኖች ውስጥ የማዕዘን ብረት ተደርቦ ተበይዷል። ብረቱ ላይ የአልጋ ርብራብ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች በተርታ አሉ። አረንጓዴ ቀለሙም እዚህም እዚያም አልለቀቀም።

“ሻንሲው አቦቦ መንገድ ላይ ተሰነጠቀበት” አለች ሙሚና። “ያን ጊዜ የጅማ መንገድ ተዘግቶ ከተማው ውስጥ ቁራጭ ብረት ጠፍቶ ነበር። ሰዓድ የሰርጋችንን አልጋ ቆርጦ አስደረበበት። እኔን መሬት አስተኝቶ መኪናውን አስጠገነ። ምን ያህል እንዳኮረፍኩት አትጠይቂኝ።”

ሰዓድን ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። በኪራይ የሚሠራ ሾፌር ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ከነመኪናው የውሃ ሽታ ሆነ። ከቀናት በኋላ ከስልኩ ለሚስቱ አጭር መልእክት መጣ፦ “አትጠብቂኝ። ከሌላ ሰው ጋር ነኝ።” ከተማው ፍርዱን ሰጠ፤ ሰዓድ ሴት ይዞ ጁባ ገብቷል ተባለ። ፖሊስም ፋይሉን ዘጋ። ድንበር አጠገብ ያለ ከተማ ለሰነፍ መርማሪ ምቹ ነው፤ የጠፋ ሰው ሁሉ ተሻገረ ይባላል።

መኪናው ግን ጁባ አልገባም። እዚህ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። መኪናው ካልሄደ ባለቤቱ የት ሄደ? ኛጋይ ይህን ጥያቄ ሙሚና ፊት ጮክ ብላ አልጠየቀችም።

ሻንሲውን ወደ ግቢው ያመጣው ጥዑመልሳን ነው። ወደ ጎግ ቀበሌዎች ለክትባት የሚወጣ የጤና ባለሙያ ሲሆን፣ ጥግ ላይ ቆሞ እጆቹን ያሻሻል።

“ይሄን ብረት ለምን ፈለግከው?” አለችው ኛጋይ። “እርስዎ” የሚለውን ቃል ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ሥራ ላይ ግን ሽማግሌም ሆነ ሹም ለእሷ አንተ ነው።

“ቤት ልሠራበት ነው። ጎማ ያለው፣ በመኪናዬ የምጎትተው። አልጋ፣ የመድኃኒት መደርደሪያ፣ የክትባት ፍሪጅ የሚይዝ። ጣሪያው ሸራ ነው፤ ሙሚናን የጠራኋት ለዚያ ነው። እዚያ ስወጣ ማደሪያ የለኝም፣ ሳጅን።”

“አዲስ ብረት አታስበይድም?”

“አምና በቱቦላሬ፣ ውስጡ ባዶ በሆነው ብረት አሠራሁ። ቀላል ነው፣ ያምራል። ጎግ ሳይደርስ ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ወገቡ ተቆረጠ። ክትባቱ በሙሉ ተበላሸ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዘንድሮ ግን ተረጋግቼ ልምረጥ አልኩ። የትራክተር ተሳቢ አየሁ፤ እሱ ብቻውን ሸክም ነው፣ የኔ መኪና አይጎትተውም። አሮጌ ሻንሲዎችን በመዶሻ እያንኳኳሁ ዞርኩ። ከውስጥ ዝገት የበላው ብረት ድምፁ ድፍን ነው። ጤነኛው ይጮኻል።”

“ይሄኛው ጮኸ?”

“ይሄኛውንማ ማንኳኳትም አላስፈለገኝ። ሲሚንቶ የጫነ አይሱዙ የኋላ ጎማውን አሳርፎበት ሲያራግፍ አየሁ። ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ሳኒ ሱቅ ፊት፣ ቦዩ ላይ ድልድይ ሆኖ ነበር። ከላይ ሳንቃ ተነጥፎበታል፣ ከታች ጭቃ ነው። እሱ ጅማ ለዕቃ ሄዶ ነበር። ባለቤቱን ነጅሚያን ጠየቅኳት። በኮንክሪት ልታሠራው አስባ ኖሮ፣ ‘ይህን አስቀያሚ ነገር ገላግለኝ’ አለችኝ።”

ሙሚና ቀና አለች።

“የጋሽ ሳኒ ድልድይ?”

“አዎ።”

“በሱ ላይማ በየቀኑ እመላለሳለሁ” አለች።

ሳኒ የመኪና መለዋወጫና የጭነት ሸራ ነጋዴ ነው። የሰዓድ የልብ ጓደኛ ነበር። ሰዓድ ሲጠፋ ሙሚና ሁለት ልጆች ይዛ ቀረች፤ ሳኒ ሸራ እየሰጠ፣ ስፌቱን ለእሷ እያደረገ ጎኗ ቆመ። “ወንድም ሆኖኛል” አለች።

ኃላፊዋ ግን ቸኮለ። ሻንሲው የተገኘው በያጁ ዊዩዋል ግቢ ነው። የአልጋውን ብረት በጊዜው የበየደውም እሱ ነው፤ ከሰዓድ ጋር በብየዳው ተጣልተው ያውቃሉ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ዊዩዋል ታሰረ።

ዊዩዋል ኛጋይን በኑዌርኛ አናገራት።

“ሰውዬውን እኔ ብገድል፣ የገዛ ብየዳዬን ግቢዬ ውስጥ አሳጥቤ፣ ሚስቱ መጥታ ስትለካው ቆሜ አያለሁ? እንዲህ ያለ ሞኝ ካገኛችሁ እሰሩት።”

እውነቱን ነው። ተፈታ።

ሳኒ ከጅማ ሲመለስ ራሱ ጣቢያ መጣ። ሰው ሳይጠራው የሚመጣ ሰው ወይ ንጹሕ ነው ወይ ተዘጋጅቷል። የሰዓድን ስም ሲሰማ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ኛጋይ ደግሞ እንባውን የውሸት ልትለው አልቻለችም።

“ሻንሲውን ከሀያቱ ነው የገዛሁት፣ ሳጅን። አቦቦ ያለው ቁራጭ ብረት ነጋዴ። ሰዓድ ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። በጭቃ ተለውሶ ነው የመጣው። የማን መሆኑን በምን አውቃለሁ?”

ኛጋይ አቦቦ ወረደች። ሀያቱን ከብረት ክምሩ ሥር ተቀምጦ አገኘችው።

“እኔ በኪሎ እገዛለሁ፣ ቆራርጬ እልካለሁ” አላት። “ሙሉ ሻንሲ ሸጬ አላውቅም። ሳኒ እንዲህ አለ?”

“አለ።”

“እንግዲህ ወይ እሱ ዋሽቷል ወይ እኔ።”

የአንዱ ቃል ከሌላው ቃል ጋር ተፋጠጠ። ምስክር የለም፣ ሬሳ የለም። ኃላፊዋ በትዕግሥት ማጣት እስኪርቢቶውን ያሽከረክር ጀመር። ጥዑመልሳን መጥቶ ብረቱ ይለቀቅለት እንደሆነ ጠየቀ፤ ዝናቡ ከገባ መንገዱ እንደሚዘጋ፣ ጎግ የሚጠብቁት ሕፃናት እንዳሉ ተናገረ። ኤግዚቢት ነው ተባለ። ያ ምስኪን አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ኛጋይ ያን ቀን ሁሉም ነገር ታከታት፤ እውነቱን ብታገኘው እንኳ ማንን እንደሚጠቅም አልታይ አላት።

ሲመሽ እግሯ ወደ ሳኒ ሱቅ ወሰዳት። ድልድዩ ተነቅሎ ቦዩ ባዶውን ነው። ከዳር ቆማ ወደ ታች አየች።

የቦዩ ሁለት ከንፈሮች ኮንክሪት ናቸው። በሁለቱም ላይ፣ የሻንሲው ጫፎች ገብተው የነበሩባቸው ጎድጓዳዎች አሉ። በመሮ የተፈለፈሉ አይደሉም። ጠርዛቸው ልስልስ ያለ ነው፤ ኮንክሪቱ ገና እርጥብ ሳለ ብረቱን አቅፎ ነው የደረቀው። ብየዳ ቤቱ ውስጥ ያየችው ትዝ አላት፤ የሻንሲው አራት ጫፎች ቢታጠቡም ሲሚንቶ እንደ ነጭ ካልሲ ይዟቸው ቀርቶ ነበር።

ይህ ቦይ መቼ እንደተሠራ ከተማው ያውቃል። ማዘጋጃ ቤቱ ያፈሰሰው ሰዓድ በጠፋበት ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ኛጋይ ራሷ በእርጥቡ ሲሚንቶ ምክንያት በየቀኑ ዙሪያ ጥምጥም እየሄደች ሥራ ትገባ ነበር። እንግዲያስ ሻንሲው የዚያን ሰሞን እዚህ ነበር። ከዓመት በኋላ አልመጣም።

ሌላም ነገር መጣላት። በዚያው ወር አቦቦ መንገድ ላይ አንድ ሽማግሌ ከእርሻው ሲመለስ መኪና ገጭቶት ሞቶ ተገኝቷል። መኪናው አልታወቀም። የሽማግሌው ፋይልና የሰዓድ ፋይል ጣቢያው ውስጥ አንድ ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ተኝተዋል። ማንም አንዱን ከሌላው ጋር አላነበበም። ሰው ሞቶም እንኳ የሚያየው ሲያጣ ያበሳጫል።

በማግስቱ ሳኒን አስቀመጠችው።

“ሻንሲውን መቼ ገዛኸው አልክ?”

“ሰዓድ ከሄደ ዓመት ካለፈው በኋላ።”

“ኮንክሪቱ ሲፈስ ምን ነበር ቦዩ ላይ?”

“እ... እንጨት ነበር መሰለኝ።”

“ኮንክሪቱ የያዘው የሻንሲውን ቅርጽ ነው። ሄጄ ለክቼዋለሁ። ልክክ ብሎ ይገባል።”

ኛጋይ የሽማግሌውን ፋይል ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

“ሽማግሌውን የገጨው ሰዓድ ነው?”

ይህን የጠየቀችው ሆን ብላ ነው። ለሳኒ በር ከፈተችለት፤ ሙት ላይ አላክኮ መውጣት ይችል ነበር። ሳኒ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመው። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

“አይደለም” አለ። “እሱ አንድም ሰው ገጭቶ አያውቅም።”

“ማን ነዳው?”

“እኔ። ተውሼው ነበር። ጨለምለም ብሏል፣ ሽማግሌው ድንገት ገባብኝ።”

“ቆምክ?”

“ብቆም እዚያው ይጨርሱኝ ነበር፣ ሳጅን። እርስዎ ያውቃሉ።”

ኛጋይ ታውቃለች። ደም በደም የሚመለስበትን ጊዜ አይታለች። ስለዚህም አልተቆጣችውም።

“ከዚያስ?”

“መኪናውን ግቢዬ አስገባሁ። ሰዓድ መጥቶ የመኪናውን የፊት መከላከያ አየ፣ ደም ነበረበት። ፖሊስ ጋ እንሂድ፣ ሽማግሌ እንላክ፣ የሰውዬውን ደም እንካስ አለኝ። ለመንኩት። ልጆቼን አስብልኝ አልኩት። አንተ ካልሄድክ እኔ እሄዳለሁ ብሎ ዞረ። የጎማ መፍቻው እጄ ላይ ነበር። አንዴ ነው የመታሁት።”

“የሱን ልጆችስ አሰብክ?”

ሳኒ አቀረቀረ።

“ሬሳውስ?”

“ባሮ። ሞልቶ ነበር።”

“መልእክቱን የላክኸው አንተ ነህ?”

“አዎ። እንዳትፈልገው ብዬ።”

“ሻንሲውን ለምን አብረህ አልጣልከውም?”

ሳኒ ቀና ብሎ አያት። ጥያቄው የገረመው ይመስል ነበር።

“ሌላውን ሁሉ ፈታትቼ ጅማ ሸጥኩ። ሻንሲው ሲሸጥ ይታወቃል። መጣል ደግሞ... ሳጅን፣ ብረት እዚህ በስንት መከራ ነው የሚደርሰው። እንዲህ ያለ ጠንካራ ብረት እንዴት ይጣላል?”

ጓደኛውን ወንዝ ውስጥ ጣለ፤ ብረቱ ግን አሳዘነው። ኛጋይ ይህን ሰው ልትጠላው ፈለገች፤ የተሰማት ግን ድካም ብቻ ነው።

“ሙሚና ለመልእክቱ መልስ ልካ ነበር?”

“ልካለች።”

“ምን አለች?”

“እሱን አይጠይቁኝ” አለ ሳኒ። ድምፅ አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው ያኔ ነው።

ኛጋይ ወደ ሙሚና ቤት ብቻዋን ሄደች። ልጆቹ ትምህርት ቤት ናቸው። ነገሩን ከመጀመሪያው ነገረቻት፤ የምታሳጥርበት ዘዴ አላገኘችም። ሙሚና የስፌት መኪናዋ ላይ እጇን አሳርፋ አዳመጠች። የሳኒ ስም ሲነሳም አልጮኸችም።

“የምናጥበው፣ የምንቀብረው ነገር የለም?” አለች በመጨረሻ።

“የለም። ባሮ ወስዶታል።”

“ሼኹ የሩቅ ሙት ሶላት ይሰገድለታል ይሉ ይሆናል።” እጇን ከስፌት መኪናዋ ላይ አነሳች። “ለመልእክቱ ምን ብዬ እንደመለስኩ ነገረሽ?”

“እንቢ አለ።”

“‘ከነሴትዮዋ ና፣ ቤቱ ለሁላችንም ይበቃል’ ነው ያልኩት። መልስ ሲቀርብኝ ንዴት ያዘኝ። ከዚያ ወዲህ ሲነጋም ሲመሽም ስረግመው ኖርኩ። ሙት ነው ለካ የምረግመው።”

“እሱ ክፉ አልሠራም፣ ሙሚና። ጥሩ ሰው ነበር። ጥሩ በመሆኑ ነው የሞተው። ይህን ልጆችሽ ይወቁት።” ኛጋይ ያላት ማጽናኛ ይህ ብቻ ነበር።

“ጥሩነቱ ምን ያደርግልኛል?” አለች ሙሚና። “እስከ ዛሬ ጠዋት ባሌ ከዳተኛ ነበር። ከዳተኛ አንድ ቀን ይደክመዋል፣ ያረጃል፣ ይታመማል፣ ይመለሳል። ሦስት ዓመት በሬን ሳልቀረቅር ነው ያደርኩት። ሌባ ይገባብሻል እያሉ ጎረቤቶቼ ሲቆጡኝ፣ ሙቀቱ ነው እላለሁ።”

ኛጋይ እጇን ልትይዛት ተጠጋች። ሙሚና ግን ተነስታ ቆማ ነበር።

“ሂጂ በቃ፣ እህቴ። ደክሞሻል።”

ኛጋይ ወጣች። ከግቢው ሳትወጣ ከኋላዋ የበሩ መቀርቀሪያ ሲገባ ሰማች። ገና ፀሐይ አናት ላይ ነበረች።