በሐምሌ የታጠበ ተሳቢ

ሸሕዲ ውስጥ ከእኔ ዓይን የሚያመልጥ ነገር የለም። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን በማን ቀሚስ እንደቀና፣ ሰዎቹ ራሳቸው ሳያውቁት እኔ አውቀዋለሁ። ትምህርቱን ከስድስተኛ ባቋርጥም ዓይኔ አላቋረጠም። ስለዚህ ሞተረኛው ምናለ አስፋልት ዳር ሞቶ የተገኘ ዕለት፣ ፖሊስ ገና ሜትሩን ሳይዘረጋ፣ ነገሩ ከማን ቤት እንደሚወጣ አውቄ ጨርሼ ነበር፤ ከሻይ ሻጯ ከሐሚዳ።

ፖሊስ ግን አባዬን ያዘ።

አባዬ፣ ጋሽ ሰጠኝ፣ የጭነት አይሱዙ ሹፌር ነው። የዚያን ዕለት ማለዳ በካፊያ ከመተማ ዮሐንስ ሲመጣ፣ ከከተማው መግቢያ ላይ የትራክተር ሹፌሩ ለይኩን እጁን እያወዛወዘ አስቆመው። ሲወርድ ምናለ ሳሩ ላይ ተዘርሯል፤ ሞተሩም አጠገቡ ወድቋል። «ገጩት እኮ ጋሼ!» አለው ለይኩን። የአይሱዙው ፓራውልት ደግሞ የተጨረመተ ነው። ባለፈው ወር ኮኪት ላይ ጥጃ ገጭቶ ያመጣው ጠባሳ ነው ብንል ማን ይመነን?

ሕጉ የታወቀ ነው፤ መኪና ሰው ከገደለ ለሟች ቤተሰብ የሚከፍለው የመኪናው ኢንሹራንስ ነው፤ ሹፌሩ ደግሞ ወህኒ ይወርዳል። የሟች ሚስት የዓለምወርቅ በአባዬ መኪና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ካሳ ጠየቀች። ለይኩን ምስክሯም ሆነ፣ ጉዳይ አስፈጻሚዋም ሆነ። የቀረው የፖሊስ ሪፖርት ብቻ ነበር።

ከሁሉ የባሰው አባዬ ራሱ መጠራጠሩ ነው። ምሳ ሳደርስለት በፍርግርጉ በኩል ያየኝና «ካፊያ ነበር ልጄ፤ የመታሁት አይመስለኝም። ግን ምን አውቃለሁ?» ይለኛል። ምግቡን ሳይነካ ይመልሰዋል።

ቀብሩ እንዳለፈ ከዞኑ መርማሪ መጣች። መጣች ማለቴ፣ መጡ፤ ኢንስፔክተር ዘምዘም ይባላሉ። ገለጉ ያደጉ፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያወራ የሚያንቀላፉ የሚመስሉ ሴት ናቸው። እኔም አንድ እርምጃ አልራቅኋቸውም። ቢያባርሩኝም ተመልሼ መጣሁ።

በመጀመሪያ ጣቢያው ግቢ የቆመውን የምናለን ሞተር አዩ።

«ይህን ማን ገፍቶ አመጣው?»

«ማንም አልገፋውም» አለ ሳጅን ደሴ። «ተጋግዘን ተሸክመን ነው ፒክአፕ ላይ የጫንነው። የፊት ጎማው አልዞር አለ። ግጭቱ አጣሞት ነዋ።»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ አሉ። ቸርኬው ቀጥ ያለ ነው። ጎማው ከውጭ ንጹሕ ነው። ከመሬት እንጨት አንስተው ከፓራፋንጎው ሥር ሲወጉት፣ እንደ ጡብ የደረቀ ጥቁር የዋልካ ጭቃ እየተፈረካከሰ ወደቀ። ከዚያ ጎማውን በመዳፋቸው መታ አደረጉት። ሽር ብሎ ዞረ።

ሳጅን ደሴ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ።

«እኔ ገዳይዋን አውቃታለሁ» አልኩ ጊዜው ሲመቸኝ። «ሐሚዳ ናት።»

«ምን አየሽ?»

«ቀይ ቶብ ነው የምትለብስ፤ ከሱዳን የመጣ። ወንዱ ሁሉ ሻይ የሚጠጣ እሷ ዘንድ ነው።»

«ይኼ ወንጀል ነው?»

«እዚህ አገር ነው።»

ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ግን ላይሆን ይችላል። ስለ ለይኩን አልነገርኳቸውም። ምኑን እነግራቸዋለሁ? ጥርሱ ያምራል ልበላቸው? እኔን «አንቺ ልጅ» ብሎ የሚያልፈኝ ለይኩን፣ ከትራክተሩ ሲወርድ ጊዜውን ሁሉ ሐሚዳ ራኩባ ሥር፣ በዚያች የሣር ዳስ፣ ነው የሚያሳልፈው። አንዴ በዚያ ሳልፍ ከረሜላ እንኳ ይገዛልኛል ብዬ ቆሜ ቆሜ እግሬ ደንዝዟል።

የዓለምወርቅ ቤት ስንደርስ ከል ለብሳ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ባሌ ሻይ የሚጠጣ ከቤቱ አልነበረም» አለች ሳትጠየቅ። «ሞተሩ የሐሚዳን መንገድ ሳይመሩት ያውቀዋል።»

እኔ ኢንስፔክተሯን ‹ሰሙ?› በሚል ዓይን አየኋቸው። እሳቸው አላዩኝም።

«የኢንሹራንሱን ጉዳይ ማን አነሣው?»

«ለይኩን። እኔ ገና ደረቴን እየመታሁ እሱ ታርጋውንም፣ ኢንሹራንሱ መታደሱንም ነገረኝ። ወንድም ነው የሆነኝ።»

«ከዚህ በፊትስ ምንሽ ነበር?»

የነጠላዋን ጫፍ አጣጥፋ ፈታችው። «ከምናለ በፊት ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። እኔ ምናለን ነበር የምፈልግ። ያለቀ ነገር ነው።»

ወደ ጣቢያ ተመልሰው አባዬን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት።

«ጋሽ ሰጠኝ፣ ለይኩን ሲያስቆምዎት መጀመሪያ ምን አለ?»

አባዬ ግንባሩን ይዞ አሰበ። «መጀመሪያ መስታወቱን አየ። የኢንሹራንሷን ስቲከር። ‹ሦስተኛ ወገን አድሰዋል ጋሼ?› አለኝ። አድሻለሁ ስለው ነው ‹ገጩት እኮ› ብሎ የጮኸ።»

ያቺን ስቲከር የለጠፍኳት እኔ ነኝ። እንዳትጣመም ትንፋሼን ይዤ ነበር የለጠፍኳት።

በማግስቱ ኢንስፔክተር ዘምዘም ሁሉንም ሐሚዳ ራኩባ ሥር ሰበሰቧቸው። አባዬ በሳጅን ደሴ ታጅቦ መጣ። የዓለምወርቅ ለሐሚዳ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች። ለይኩን ትራክተሩን ከነተሳቢው ማዶ እንደወትሮው አቁሞ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባ። ሐሚዳ ሳትጠየቅ ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ ቶቧ ዛሬም ቀይ ነው።

«ምናለ እንዴት መጣ አልክ?» አሉ ኢንስፔክተሯ ለይኩንን።

«በአስፋልቱ፣ ሲበር። አይሱዙው ከኋላ ገጨው።»

«የፊት ጎማው በዋልካ ተቀርቅሮ የማይዞር ሞተር እንዴት ይበራል?»

ለይኩን እጁን እንደገና በሱሪው ጠረገ።

«አስፋልት ላይ ዋልካ የለም። ዋልካ ያለው እርሻ ውስጥ ነው። ሞተሩ ጭቃው ይዞት እርሻው መንገድ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ በራሱ ጎማ አልመጣም፤ ተጭኖ ነው። ጎማውን ከውጭ ጠርገኸዋል፤ ፓራፋንጎው ሥር ያለውን ግን ረስተኸዋል።»

«እኔ ነኝ ያለው ማን ነው? ስንት ሰው አለ በዚህ መንገድ!»

«ልክ ነው።» ወደ ማዶ ጠቆሙ። «ስንት ትራክተር አለ ሸሕዲ? ሁሉም እስከ አንገቱ ጭቃ ነው። ያንተም ጎማ እንደዚያው ነው። ተሳቢህ ብቻ ውስጡ እንደ ሣህን ታጥቧል። በሐምሌ ተሳቢ ማን ያጥባል?»

አባዬ ሻዩን ሳያስበው አስቀመጠው።

«ሐሚዳ፣ በዚያ ማለዳ ምን አየሽ?»

«እዚሁ እሳት እያያዝኩ ነበር፤ የከተማው መግቢያ ከዚህ ይታያል» አለች ሐሚዳ። «ለይኩን አስፋልቱ ላይ ቆሟል። የሱዳን ታርጋ ያለው መኪና መጣ፤ እጁን አወረደ። ታርጋ የሌላት ሚኒባስ መጣች፤ ፊቱን አዞረ። አይሱዙው ሲመጣ ሮጠ። የጋሽ ሰጠኝን መኪና ያውቃታል፤ ሊሳፈር ነው ብዬ ተውኩት።»

«እስካሁን ለምን አልተናገርሽም?» አለ ሳጅን ደሴ።

«ማን ጠየቀኝ? ሁሉም የሚጠይቀኝ ‹ምናለ ወዳጅሽ ነበር ወይ› እያለ ነው!»

«ስለዚህ» አሉ ኢንስፔክተሯ፣ «ለይኩን የፈለገው ያገኘውን መኪና ሁሉ ሳይሆን ኢንሹራንስ ያለው መኪና ነው። ሰው እርሻ ውስጥ ቢገደል ማንም ኢንሹራንስ አይከፍልም። አስፋልት ዳር ከተገኘ ግን ወንጀሉ የሹፌሩ ይሆናል፣ ካሳው የሚስቱ ይሆናል። ሰው ሬሳ ሆኖ ተጋድሞ፣ ስለ ስቲከር የሚጠይቅ ሰው ሬሳውን ቀድሞ ያውቀዋል።»

«ለምን ብዬ?» አለ ለይኩን። ድምፁ ግን ለራሱም አልደረሰው።

«ሐሚዳ፣ እዚህ ሲቀመጥ ምን ያያል?»

«እኔንማ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየኝም» አለች። «ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው። ምናለ ሚስቱን አፈናጦ ያለፈ ዕለት፣ ሻዩ እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ሂሳቡን ከፍሎ ሳይጠጣው ይሄዳል።»

ስንት ጊዜ እዚያ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ? እኔን ያቃጠለኝ ቀይ ቶብ ነበር፤ እሱን ያቃጠለው የሞተር ኋላ መቀመጫ።

ለይኩን የዓለምወርቅን ብቻ ያያል። «‹ከተማ አድርሰኝ› ብዬ እርሻ ድረስ ጠራሁት። ጭቃው ሲይዘው ወርዶ ሳቀ። ‹ዓለሜ ቁርስ ይዛ ትጠብቀኛለች› አለ። ዓለሜ አለ… አላወቅሁም። የትራክተሩ ብረት እጄ ላይ ነበር፤ መታሁት። ኋላ ግን አንቺ እንዳትቸገሪ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሁት።»

የዓለምወርቅ ቀስ ብላ ተነሣች።

«ባሌን ገድለህ ለቀለቤ ተጨነቅህ?»

ከዚያ ዞራ ሐሚዳን አየቻት። ሄዳም አጠገቧ ተቀመጠች። ሐሚዳም ብርጭቆዋን ሞላችላት።

ሳጅን ደሴ ለይኩንን ይዞት ወጣ። አባዬ ደግሞ እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። «አልገደልኩም ማለት ነው?» ይላል ደጋግሞ። «አልገደልኩም?» ኢንስፔክተሯ ትከሻውን ይዘው «አልገደሉም ጋሼ፤ ይብሉ አሁን» አሉት።

ሰው ሁሉ ሲበተን እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ዝም ብዬ ልለፍ? አይሆንም።

«እንግዲህ» አልኩ ሐሚዳ እንድትሰማኝ ጮክ ብዬ፣ «ነገሩ ከዚህ ራኩባ ሥር እንደሚወጣ መጀመሪያ የተናገርኩ እኔ ነኝ። ወጣም። ወደፊት እንደ ኢንስፔክተር ዘምዘም መርማሪ ነው የምሆን።»

ሐሚዳ የብርጭቆውን ሣፋ ወደ እኔ ገፋችው።

«አንቺ ቀንተሽ እንጂ መርምረሽ አታውቂም። ያዢ፣ እጠቢ።»