ውሃ የደፋው ሰው

ሟቹ የከተማዋን የውሃ መስመር በየሰፈሩ ፈረቃ የሚከፍትና የሚዘጋ ሠራተኛ ነበር። ጠዋት ማጠራቀሚያው አጠገብ፣ በገዛ መክፈቻ ብረቱ ጭንቅላቱን ተመትቶ ተገኘ። ዝናብ ከጠፋ ሁለት ዓመት ሆኗልና፣ ያገኙት ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት ማን ገደለው ብለው አይደለም፤ ዛሬ ማን ይከፍትልናል ብለው ነው።

ረፋዱ ላይ ወሬው ተነዛ። ፈረቃ ይሸጥ ነበር፣ የእጁን አገኘ ተባለ። ሚስቱ ጉዳዩን የያዘችውን መርማሪ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ሞቷል፣ አይመለስም። ሌባ ተብሎ ግን እንዳይቀበርብኝ።»

መርማሪዋ ፊቷ በቀላሉ የማይፈታ ሴት ናት። ሟቹ በቅርቡ የተጣላው ከሁለት ሰዎች ጋር መሆኑን ሰምታ ሁለቱንም ጎበኘች። አለቃው፣ ሟቹ ለሹማምንት ሰፈር አላደላም ስላለ እንደገሠጸው አልካደም። እጅ የታጠበበት ውሃ ቢሮው ጥግ በባልዲ ተከድኖ ተቀምጧል። በቦቴ ውሃ የሚሸጠው ሾፌር ደግሞ ገበያዬን ያበላሽብኝ ነበር ብሎ ሟቹን ያለ ሐፍረት ረገመው። ሸሚዙ በእድፍ ደርቆ ቆሟል።

«ገድዬው ቢሆን በምን እታጠባለሁ?» አለ። «በምሸጠው?»

ከዚያ ወደ ሟቹ ግቢ ሄደች። እዚያው የሚኖረው፣ የራሱ ሚስት አራስ የሆነችበት ታናሽ ወንድሙ፣ ሌሊቱን ተኝቼ ነበር ብሎ አለቀሰ። ገመዱ ላይ የታጠበ ሱሪ ተሰጥቷል፤ ከቤቱ ጀርባ መሬቱ ርሷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከጭቃው ቆነጠረች፣ ምንም አልጠየቀችም።

በማግስቱ ሁሉንም ሟቹ ቤት ሰበሰበች።

«ገዳዩ ደም ነክቶታል፣ ስለዚህ ታጥቧል» አለች። «እዚህ ከተማ ግን የታጠቡበት ውሃ አይደፋም፤ ለሽንት ቤት ይቀመጣል። አለቃው እንኳ ያስቀምጣል። ሾፌሩ ጭራሹን አልታጠበም። አንተ ግን ታጥበህ ደፋኸው። ለምን?»

«የዕቃ እጣቢ ነው» አለ ወንድም።

«የዕቃ እጣቢ ማን ይደፋል? አንተ የደፋኸው ውሃ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ቀለሙ ይታይ ነበር። ጭቃውን አስመረመርኩት፣ የሰው ደም አለበት።»

ወንድምየው ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ።

«ለአራስ ብዬ ለመንኩት። ትንሽ ክፈትልኝ አልኩት፤ ለገዛ ወንድሙ። ፈረቃህን ጠብቅ አለኝ።»

የሟቹ ሚስት ጥግ ወደቆመው በርሜሏ አመለከተች።

«የኔን በርሜል ብትጠይቀኝ እከለክልህ ነበር?»



ለገዛ ወንድሙ ያላዳላ ሰው ፈረቃ አይሸጥምና የሟቹ ስም ነጻ ወጣ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ፣ አዘነ፣ ለቀብሩ እንደሚመጣም ተናገረ። የቀብሩ ቀን ግን አዲሱ ሠራተኛ የሰፈሩን መስመር ከፈተ። ሰው ሁሉ ጀሪካኑን ይዞ ውሃ ሲቀዳ ቀረ። ሬሳውን የሸኙት ሚስቱ፣ መርማሪዋና ቆፋሪዎቹ ብቻ ነበሩ።