ቆርቆሮ ተሸክመው ወደ ቶሬኑ

ሉድዊና የሞተር መጋዟን ጀርባዋ ላይ አስራ ከባሕሩ ዳር መጠለያ ስትወጣ ዝናቡ ገና ማካፋቱ ነበር። ኋላዋ ስድስት ቤተሰብ ተሰልፏል፤ ቆርቆሮ በትከሻ፣ ምስማር በከረጢት፣ ሕፃን በጀርባ። ቡገንቪል ደሴት ላይ ጦርነቱ ቆመ ከተባለ ዓመት ሊሞላ ነው። ተራራው ላይ ያለው መንደራቸው ቶሬኑ ግን ከተቃጠለ ሰባት ዓመት ሆኖት፣ እስካሁን አንድም ሰው ተመልሶ ምሰሶ አልተከለበትም።

ወገቧ ላይ ገጀራ ታጥቃለች። የእናቷ ወንድም ቦኒፋስ ስለቱን በዓይኑ ለካና፣ «ይሄ ለእንጨት የተሳለ አይመስልም» አላት።

«ለእንጨትማ መጋዝ ይዣለሁ።»

ሽማግሌው ገጀራው ለማን እንደሆነ ገባው። መንደሩን ያቃጠለው፣ ባሏን ሄርማንንም «ሰላይ ነህ» ብሎ ከቤቱ ጎትቶ የወሰደው፣ ዛሬም ተራራው ላይ የሸፈተው ክሌቶስ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ሬሳው የት እንደተጣለ ግን የሚያውቅ የለም። የክሌቶስ ሚስት ኦዲሊያ፣ የሉድዊና የአክስቷ ልጅ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ትራመዳለች። «ነይ፣ ላንቺም ቤት እንሠራለን» ያለቻት ራሷ ሉድዊና ነበረች። ሰዉ ሁሉ በቸርነቷ ተገርሞ ነበር።

በሁለተኛው ቀን የኮራቫ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው። ጎርፉ ግንድ እየነቀለ ያወርዳል። ሉድዊና መጋዟን ለሰዎቹ ትታ፣ የገመዱን ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጥራ ዋኘች፤ ማዶ ደርሳም ዛፍ ላይ ጠመጠመችው። ሰዎቹ ቆርቆሮውን ከራሳቸው በላይ እያነሱ፣ ገመዱን ይዘው አንድ በአንድ ተሻገሩ። የመጨረሻው ቦኒፋስ ነበር። ውሃው ደረቱ ላይ ሲደርስ፣ አጠገቡ የሚንሳፈፈው ግንድ ድንገት ዞረ።

«አዞ! አጎቴ፣ አዞ!»

ሽማግሌው ሰመጠ። ሉድዊና ዘላ ገባች። ጅራቱ ወንዙን ሲገርፍ፣ ሻካራ ጭንቅላት በእጇ ዳብሳ አገኘችና ገጀራውን ዓይኑ ውስጥ ሻጠችው። ውሃው ቀላ፤ መንጋጋው ተላቀቀ። ቦኒፋስን ጎትተው ሲያወጡት ባቱ ተቦጭቋል።

«ገጀራሽ ደም ቀመሰ» አላት ጥርሱን ነክሶ። «አይበቃውም?»

«አይበቃውም።»

አንዳንዶቹ እንመለስ ማለት ጀመሩ። «ተመለሱ» አለቻቸው። «ቆርቆሮውን ግን እዚህ አስቀምጡልኝ። እየተመላለስኩ ብቻዬን እወስደዋለሁ።» ማንም አልተመለሰም። ቃሬዛ ሠርተው ሽማግሌውን አነሱት፤ ካነሱት አራት ሰዎች አንዷ ኦዲሊያ ነበረች። ጭቃው እስከ ጉልበት እየዋጣቸው ሁለት ቀን ሙሉ ሽቅብ ወጡ።

ጫፉ ላይ ናዳ ተራራውን ቆርጦት፣ መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ሆኗል። በስተግራ ገደል፣ ፊት ለፊት የተጋደመ ግንድ። ከግንዱ ጀርባ ክሌቶስና አንድ ጓደኛው ከቧንቧ የተሠራ ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል።

«ዋርሳዬ! አረጀሽ እኮ!» አለ ክሌቶስ እየሳቀ። «ሚስቴንና ልጆቼን ተዪልኝ። አሥር ቆርቆሮ ጨምሪና እለፉ።»

«መጥተህ ውሰዳቸው።»

ግንዱን ተሻግሮ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ከትከሻዋ ያወረደችውን ቆርቆሮ በሙሉ ኃይሏ ደረቱ ላይ አሳረፈችበት። ጠመንጃው ወደ ሰማይ ጮኸ። ክሌቶስ ተንሸራተተ፤ መሣሪያው ገደል ገባ፣ እሱ የዛፍ ሥር ጨብጦ ተንጠለጠለ። ጓደኛው ሲያነጣጥር ከሰልፉ አንዲት አሮጊት ጮኸችበት፦ «አንተ ፓትሪስ! እኔን አክስትህን ልትገድል ነው?» ሰውዬው ደነገጠና አፈሙዙን ወደ መሬት መለሰ።

ሉድዊና ተንበርክካ ገጀራዋን ወደ ክሌቶስ ጣቶች አስጠጋች።

«ሄርማን የት ነው?»

«ሉድዊና፣ ጦርነት ነበር…»

«የት ነው?»

«መንደሩ ውስጥ፣ ካካዎ ማድረቂያው ቤት ሥር! ከኋላ በኩል ነው! አውጪኝ!»

ገጀራውን አነሳች። ሰባት ዓመት ያለመችው ይህንን ነበር። ያኔ ከኋላዋ የኦዲሊያ ድምፅ መጣ።

«ለዚህ ነው ያመጣሽኝ? እኔን ፍለጋ እንዲወጣልሽ?»

ሉድዊና አልዋሸችም። «አዎ። ለዚህ ነው።»

«ቤት እንሠራለን ያልሽኝ…» ኦዲሊያ አላለቀሰችም። «እንግዲያው ጨርሺው። የልጆቹን ፊት ላዙር፣ ጠብቂኝ።»

ሉድዊና ዞረች። ትንሿ ልጅ ምስማር የያዘውን ከረጢት አቅፋ፣ አፏን ከፍታ የአባቷን ጣቶች ታያለች። በሰባት ዓመት ሕልሟ ውስጥ አንድም ቀን ልጅ ኖሮ አያውቅም። ገጀራውን መሬት ላይ ሰክታ ገመድ ወረወረችለት።

«ምሬህ እንዳይመስልህ» አለችው ሲወጣ። «ቆፍረህ ታወጣልኛለህ። እስከዚያ አጎቴን ትሸከማለህ።»

ክሌቶስ ቦኒፋስን አዝሎ መንገድ ጀመረ። «ቀስ በል አንተ» ይለው ነበር ሽማግሌው በየዳገቱ፣ «እንደዚያ ጊዜው ሰው ከመንደሩ እያስወጣህ አይደለም፣ እያስገባህ ነው።»

ቶሬኑን ሣርና ሐረግ ውጧት አገኟት። ክሌቶስ በእጁ ቆፈረ። ሉድዊና የባሏን ቀበቶ አወቀችው፤ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅማ፣ አጥባ፣ ከእናቷ መቃብር አጠገብ ቀበረችው። ልቧ ይረጋል ብላ ነበር፤ አልረጋም። በማግስቱ መጋዟን አስነሳች።

በሁለት ወር አራት ቤት ቆመ። አምስተኛው የኦዲሊያ ነበር። ጣሪያው በሚመታበት ቀን ክሌቶስ የጠረበውን ምሰሶ ተሸክሞ ደጁ ላይ ቆመ። በዚያ አገር መሬት ከእናት ወደ ሴት ልጅ ነው የሚወርደው፤ ቶሬኑም የሉድዊና እናት መሬት ስለነበር የመጨረሻው ቃል የእሷ ነበር።

«ምሰሶውን አስቀምጥና ሂድ» አለችው ከጣሪያው ላይ።

«ልጆቼ እኮ ናቸው!»

«ቀን ቀን መጥተህ እያቸው። እዚህ ጣሪያ ሥር ግን አታድርም።»

«እስከ መቼ?»

«ሄርማን ከመቃብር ተነስቶ ቤቱ እስኪገባ።»

ክሌቶስ ምሰሶውን በቀስታ አጋደመና ወደ ቁልቁለቱ ዞረ። ኦዲሊያ መሰላሉን እንደያዘች ጀርባውን አየችው፤ ወደ ላይም ሉድዊናን አየቻት።  ከዚያ ጎንበስ ብላ ቆርቆሮውን አነሳችና አቀበለቻት።