ሲቲ ያስቀረችው ሰላምታ

«ሲቲ፣ ዛሬ የልጄን ስም ጠርተውት ይሆን?»

እማማ ወለተሐና የሻይ ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመው ነው የጠየቁት። ሲቲ ብርጭቆ እያለቀለቀች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«አልጠሩም» አለች።

ጠርተውት ነበር። ከግማሽ ሰዓት በፊት፣ ከጦር ግንባር የተላከ ሰላምታ በሬዲዮ ሲነበብ ሦስተኛው ስም የገብረአማኑኤል ነበር። ሲቲ በገዛ እጇ ደብተሯ ላይ ጽፋዋለች።

«ይሁን እንግዲህ። እደጊ ልጄ» አሉና እማማ ወለተሐና ነጠላቸውን ሰብስበው መንገዱን ተሻገሩ። ነገሩን ሁሉ ያመጣው ይኸው መንገድ መሻገር ነው።

ዱሮ አልዩ አምባ ላይ ሬዲዮ ያላቸው ሻይ ቤቶች አራት ነበሩ። አምና ሦስቱ ተዋሐዱና ባለ ትልቅ ሬዲዮ «ኅብረት ሻይ ቤት» ሆኑ። ብቻውን የቀረው የሲቲ አባት የአብዱልጀሊል ሻይ ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ ፉክክር ለጉድ ነው። ኅብረቶች ድምፁን ከፍ ሲያደርጉ አብዱልጀሊል ሻዩ ላይ ቅርንፉድ ይጨምራል፤ እሱ ቅርንፉድ ሲጨምር እነሱ አግዳሚ ወንበር ይጨምራሉ። ደብተሩን ያመጣችው ግን ሲቲ ናት። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እጇ ፈጣን ነው። ስሙንና ሰላምታውን ከሬዲዮ እየሰማች ትጽፍና እርሻ ውሎ ላመለጠው ሰው ታነብለታለች። ኅብረቶች እንዲህ ያለ ነገር የላቸውም።

እማማ ወለተሐና የሟቹ ቄስ ባለቤት ናቸው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የአብዱልጀሊል ደንበኛ ነበሩ። ልጃቸው ቆሰለ የሚል ወሬ ከመጣ ሦስት ወሩ ነው። ያን ጊዜ «የኅብረት ሬዲዮ ጥርት ብሎ ይሰማል» ብለው ወደ ማዶ ሄዱ። አብዱልጀሊል ስቆ «ኅብረት የሄደ ከኅብረት ይስማ!» አለ። ሲቲ ግን በኋላ የእማማን በርጩማ ከበሩ አንስቶ ጓዳ ሲያስገባ አይታዋለች። ያን ቀን እማማን ተቀየመቻቸው።

ዛሬ ደግሞ የኅብረት ሬዲዮ የባትሪ ድንጋይ አልቆበት ዝም ብሏል። ኃላፊዋ ኡሙሀኒ ድንጋዮቹን እንዲሞቁ ብላ ቆርቆሮ ላይ ለፀሐይ አስጥታቸዋለች።

ሲቲን መጀመሪያ ደስ አላት። ደስታው ብርጭቆዎቹን አጥባ ሳትጨርስ ጥሏት ጠፋ። ዋሽታ መመረቋ ነው የከበዳት። ጆሮዋ እስኪግል አፈረች።

አባቷ ከገበያ ሲመለስ እንደ ልማዱ ደብተሩን ገለጠ። ሦስተኛው ስም ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ይህን ነግረሻቸዋል?»

«ኅብረት የሄደ ከኅብረት ይስማ ብለህ የለ!»

አብዱልጀሊል አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር።

«እኔኮ ለሳቅ ነው ያልኩት» አለ ቀስ ብሎ። «ወላሂ፣ ለሳቅ ነው።» ደብተሩን ዘግቶ ሰጣትና ጀርባውን አዙሮ እሳቱን መቆስቆስ ያዘ።

ሲቲ መንገዱን ስትሻገር የምትለውን አዘጋጅታለች። «አሁን ገና ደገሙት፣ አሁን ነው የሰማሁት» ብትል ማን ያውቅባታል? የኅብረት ሬዲዮ እንደሆነ ሞቷል።

«ምነው ሲቲ፣ ልትሰልዪን መጣሽ?» አለች ኡሙሀኒ። ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ።

እማማ ወለተሐና ድምፅ ከሌለው ሬዲዮ አጠገብ ተቀምጠው ነበር፤ ድንጋዩ ሞቆ እስኪመለስ ይጠብቃሉ። ሲቲን ሲያዩ ፈገግ አሉና ወንበሩ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ።»

ሲቲ አልተቀመጠችም። ያዘጋጀችው ነገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው።

«እማማ፣ ቅድም ዋሽቼዎታለሁ። ስሙ ተጠርቷል።»

ሳቁ ቀጥ አለ። የሰው ሁሉ ዓይን እሷ ላይ አረፈ። ደብተሩን ገልጣ አነበበች።

«ገብረአማኑኤል ኃይለ ገብርኤል፣ አልዩ አምባ ለሚገኙት እናቱ ለወይዘሮ ወለተሐና። እኔ ደህና ነኝ። እግሬ ድኗል፣ ያለ ምርኩዝ እሄዳለሁ። አታስቢ።»

እማማ ወለተሐና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። አልተቆጡም፣ አልመረቁምም። ዓይናቸውን ከሬዲዮው ሳያነሱ፣ «ድገሚልኝ» አሉ።

ሲቲ ጣቷን ስሙ ላይ አደረገች። ከስሙ ግን አልጀመረችም።

«ቅድም ዋሽቼዎታለሁ» ብላ ከመጀመሪያው ጀመረች።